የዋንዛ መልክና የጸራቢ ቀለም በጐጃም

በአያቶቻችን ዘመን ወደ አንድ የጐጃም ደገኛ ቤት የገባ እንግዳ፣ ዐይኑ የቤቱን ጨለማ ከለመደ በኋላ ቀለም ፍለጋ ዙሪያውን ቢቃኝ፣ የሚያገኘው በሴቶቹ እጅ በተሰፋው መሶብ ላይ ወይም ለክብር ቀን ተጠቅልሎ በተቀመጠው ልብስ ጥለት ላይ ነበር እንጂ በዕንጨቱ ላይ አልነበረም፤ በርጩማው፣ የጠፍር አልጋው፣ ገበታው፣ ሙቀጫው፣ የበሩ ሳንቃ ሁሉ ጸራቢው ጠርቦ እንደ ተዋቸው፣ ከዕድሜና ከጢስ በቀር ሌላ ቀቢ ሳይነካቸው ይኖሩ ነበር። ያው እንግዳ በማግሥቱ ከባለቤቱ ጋር ወደ ደብሩ ቢሄድና ከቅኔ ማኅሌቱ ዐልፎ ወደ ቅድስቱ ቢዘልቅ ግን፣ የመቅደሱ መዝጊያ ከቤቱ በርጩማ ጋር ከአንድ ዐይነት ዛፍ፣ ምናልባትም በአንድ ሰው መጥረቢያ የተጠረበ ሲሆን፣ ከላይ እስከ ታች በቀይ፣ በቢጫ፣ በሰማያዊና በአረንጓዴ ተሸፍኖ፣ ሰይፍ የመዘዙ ሊቃነ መላእክት ግራና ቀኝ ቆመውበት ያገኘዋል።

አንዱን ዕንጨት ራቁቱን የሚተው፣ ሌላውን በቀለም የሚያለብስ ይህ ልማድ በድኽነት ብቻ የሚተረጐም አይደለም፤ ኑግ የሚያመርት፣ ማር የሚቈርጥ፣ ቀይ አፈር በእግሩ ሥር ያለ አገር ለበርጩማው የሚሆን ቀለም አጥቶ አልነበረምና። ይልቁንም ሕዝቡ ቀለም ለማን እንደሚገባ የራሱ ሥርዐት እንደ ነበረው እረዳለሁ፤ ይህም ሥርዐት እንዴት እንደ ጸና፣ በኋላም ጎማላካና የዱቄት ቀለም ወደ ደብረ ማርቆስ በደረሱ ጊዜ እንዴት እንደ ተገለበጠ መመርመር ለጐጃም የዕንጨት ሥራ ታሪክ ዋና መግቢያ ይመስለኛል።

ከሁሉ አስቀድሞ ስለ ዛፎቹ መናገር ይገባል። ቁመቱ ከባሕር ወለል በላይ ከ4000 ሜትር ከሚያልፈው ከጮቄ ተራራ ጀምሮ ወደ ዓባይ በረሃ በሚወርደው አገር ላይ የበቀሉት ዛፎች እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን መልክ ይዘው የተፈጠሩ ናቸው። ጥድ ቀላ ያለና መዓዛው የሚያውድ ነው፤ ምስጥ ስለማይደፍረውም ለምሰሶና ለጣራ ማገር ይመረጥ ነበር። ዝግባ ፈዘዝ ያለ ቢጫ መልክ ያለው፣ ጕጠቱ ያነሰ፣ ለመላጊያ የሚገዛ ልሙጥ ዕንጨት ነው። ኮሶ ከቅርፊቱ በታች ቀይ ነው። ወይራ ከባድና ጠንካራ፣ በቡናማው ገላ ላይ ጠቈር ያለ መሥመር የተጣለበት ስለ ሆነ መምህራኑ ለመቋሚያ፣ እመቤቶቹም የወተት ዕቃ ለማጠን ይፈልጉት ነበር። ከእነዚህ ሁሉ በላይ ግን በጐጃም ጸራቢ ዘንድ የከበረው ዋንዛ ነው፤ የውጭው ገላ ነጣ ያለ ሲሆን ልቡ ከቀላ ቡናማ እስከ ጠቈረ ቡናማ ይደርሳል፤ ለመሮና ለመጥረቢያ እሺ ይላል፤ ሲደርቅ እንደ ሌላው አይጣመምም፣ ብዙም አይሰነጠቅም፤ ልቡንም ነቀዝ በቀላሉ አያገኘውም። የማኅሌቱ ከበሮ ግንዱ ተቦርቡሮ የሚሠራው፣ የቤቱ በርጩማ ከነሦስት እግሩ ያለ ምስማርና ያለ ማጣበቂያ ከአንድ ግንድ ተፈልፍሎ የሚወጣው፣ የመቅደሱ ሰፊ ሳንቃም የሚፈለጠው ከዚሁ ዛፍ ነበር።

ስለዚህ በዚያ ዘመን ለአንድ ወንበር ወይም ለአንድ ሣጥን ቀለም መምረጥ ማለት ዛፍ መምረጥ ነበር። ቀይ የፈለገ ወደ ኮሶ፣ ጠይም የፈለገ ወደ ዋንዛ ልብ፣ ፈዛዛ የፈለገ ወደ ዝግባ ይሄዳል፤ ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ የዕንጨቱ ሳይሆን የቤቱ ነው። ጭስ ማውጫ በሌለው የሣር ክዳን ቤት ውስጥ ምድጃው ከጧት እስከ ማታ ሲጤስ፣ ጢሱ ወደ ጣራው ወጥቶ ጥቀርሻ እየሆነ ሲንጠለጠል፣ ከታች ያለውን ዕቃ ሁሉ ቀስ በቀስ ያጠቍረዋል፤ ይኸው ጢስ ነቀዙንም ስለሚያባርር ዕንጨቱን በአንድ ጊዜ ያስጌጠዋል፣ ይጠብቀዋልም። ወጥ የሚቀርብበት ገበታ ቅባት ይጠጣል፤ ቅቤ የተቀባ ራስ የሚደገፈው የአልጋ ራስጌ ይለሰልሳል፤ የበርጩማው መቀመጫም ከቁርበትና ከኩታ ጋር ዘመን ሙሉ ሲፋተግ፣ ዛሬ አናጢ በብርጭቆ ወረቀትና በጥጥ ሦስት ቀን ደክሞ የማያገኘውን ልስላሴና ብርሃን ያገኛል። የመጽሐፍ ገበታም እንዲሁ ነው፤ ቆዳ ያልለበሰ የዳዊት ወይም የድርሳን ዋንዛ ገበታ የደጋሚው እጅ በሚይዝበት በኩል ጠቍሮ ሲያበራ፣ በጀርባው በኩል ግን ገና ቡናማ ሆኖ ይታያል። ይህን ዐይነቱን መልክ በገንዘብ የሚገዛ ሰው አልነበረም፤ የሚወረስ እንጂ።

በመኳንንቱ ቤት ሁኔታው የተለየ ይመስላል፣ ግን አይደለም። ደጃዝማች ተድላ ጓሉ የቈረቈሯት መንቆረር፣ በኋላ በቅዱስ ማርቆስ ቤተ ክርስቲያን ስም ደብረ ማርቆስ የተባለችው ከተማ፣ ራስ አዳል ተሰማ በ1873 ዓ.ም. በዐፄ ዮሐንስ እጅ ተክለ ሃይማኖት ተብለው የጐጃምና የከፋ ንጉሥ ሆነው ሲነግሡ የንጉሥ መቀመጫ ሆነች፤ ግብሩ፣ አዳራሹ፣ የመሳፍንቱ አቀማመጥም በዚያው መጠን ከፍ አለ። ነገር ግን በኢትዮጵያ ልማድ ንጉሥ የሚቀመጥበት አልጋ ክብሩ በዕንጨቱ ላይ አይደለም፤ በላዩ በሚነጠፈው ምንጣፍ፣ በሐሩ፣ በወርቀ ዘቦው መጋረጃ ነው። ዕንጨቱ ከግምጃው በታች ሆኖ ሸክሙን ይችላል እንጂ ራሱን አያሳይም፤ ማንም ሰው የአልጋው እግር ምን ቀለም እንደ ሆነ አይጠይቅም ነበር። ስለዚህ ቤተ መንግሥቱም እንደ ባላገሩ ቤት ቀለሙን ለጨርቅ ሰጥቶ ዕንጨቱን ራቁቱን ትቶታል፤ ልዩነቱ ጨርቁ ውድ መሆኑ ብቻ ነው።

ዐይን የሚማርክ የዕንጨት ዙፋን አሳብ በዚያ ዘመን የገባው ከውጭ ነው። ከኢጣልያ የፒየሞንቴ አውራጃ መጥቶ ዐፄ ዮሐንስን ያገለገለው አናጢ ጃኮሞ ናሬቲ የመቀሌን ቤተ መንግሥት ሲሠራ፣ ለንጉሠ ነገሥቱም ከፍ ያለ ጌጠኛ የዕንጨት ዙፋን ሠርቷል፤ ዙፋኑም ዕንጨቱ ራሱ በቅርጹ እንዲታይ ተብሎ የተሠራ ነው። ንጉሥ ተክለ ሃይማኖትን ያነገሠው ቤተ መንግሥት ይህን ያህል ወደ አዲሱ ነገር ሲያዘነብል፣ ጐጃም ራሷ ግን ለቤት ዕቃ የምትተርፍበት ጊዜ አላገኘችም፤ በ1874 ዓ.ም. የእምባቦ ጦርነት፣ በ1881 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ በንጉሡ ላይ ተቈጥተው ሠራዊታቸውን በጐጃም ላይ ያሰማሩበት ጥፋት፣ ከዚያም ከብቱን የፈጀው ክፉ ቀን ተከታተሉ። ከዚያ ዘመን በፊት የተሠራ የቤት ዕቃ በጐጃም ዛሬ እምብዛም ቢገኝ አይደንቅም፤ ጭፍራ ባለፈበት አገር በርጩማና አልጋ የመጀመሪያው ማገዶ ናቸው።

ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ልመለስ፤ የነገሩ ፍሬ ያለው እዚያ ነውና።

ለዕንጨት ቀለም የመስጠት ሥርዐት ለካህናቱ ከመጻሕፍት የመጣ ነው። በኦሪት ዘፀአት ታቦቱ ከማይነቅዝ ዕፅ ተሠርቶ በውስጥም በውጭም በወርቅ እንዲለበጥ መታዘዙን የሚያነብ፣ ጸራቢነት የዮሴፍ ሥራ መሆኑን የሚያውቅ ካህን፣ ለመቅደስ የሚገባው ዕንጨት እንደ ተጠረበ መቅረት የለበትም ብሎ ማሰቡ ተገቢ ነበር፤ ወርቅ ባይኖር ቀለም አለ። ይህም አሳብ ይበልጥ የተስፋፋው በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን (ከ1426 እስከ 1460 ዓ.ም.) ነው፤ ንጉሡ ለእመቤታችን ሥዕል የሚሰጠውን ክብር በአዋጅና በሥርዐት ባጸኑ ጊዜ፣ በዕንጨት ገበታ ላይ የሚሣል ሥዕል በየገዳሙ በዛ። በጣና ሐይቅ ላይ ባለችው በዳጋ እስጢፋኖስ ገዳም የሚገኘውና የሠዓሊው የፍሬ ጽዮን ስም የተጻፈበት የእመቤታችን ሥዕል የዚያ ዘመን ምስክር ነው። ከጥንቱ ሠዓሊዎቻችን ስማቸውን ያገኘናቸው ጥቂቶች ናቸውና፣ ፍሬ ጽዮን ከእነርሱ አንዱ መሆኑን ጐጃሜም ሆነ በጌምድሬ ሊኰራበት ይገባል።

የአሠራሩ ጥበብ ትዕግሥት የሚፈትን ነበር። ሠዓሊው የሚመርጠው ገበታ ዋንዛ ወይም ወይራ ነው፤ ጸራቢው ገበታውን ሲያዘጋጅ መካከሉን ጠረብ አድርጎ ዝቅ ያደርገውና ዳር ዳሩን ከፍ አድርጎ ይተወዋል፣ እንዲህም ክፈፉ ሌላ ዕንጨት ሳይጨመርበት ከገበታው ጋር አንድ ገላ ይሆናል፤ የሚታጠፍ ሥዕል ከሆነም ጠርዙ ይበሳና ክንፎቹ በፈትል ይታሰራሉ። ከዚያ በኋላ ነጭ የኖራ ድንጋይ ወይም ጅፕስ የሚሉት ማዕድን እንደ ዱቄት ተፈጭቶ፣ ከከብት ቆዳ ተቀቅሎ በወጣ ሙጫ ተለውሶ፣ በዕንጨቱ ላይ በሥሡ ይቀባል፤ ይደርቃል፤ ይፈተጋል፤ እንደገና ይቀባል። ይህ ነጭ መሠረት ነው ቀለሙን የሚሸከመው፤ ያለ እርሱ ዋንዛው ሙጫውን ስለሚጠጣው ቀለሙ ደብዝዞ ይቀራል። ጥቁሩ ከጥላሸት ወይም ከከሰል፣ ቀዩ ከቀይ አፈር ወይም ከባሕር ማዶ ከሚመጣው ደማቅ የሜርኩሪ ማዕድን፣ ቢጫው መርዝ ካለበት የአርሴኒክ ማዕድን፣ ሰማያዊው ከኒል ይገኝ ነበር፤ አረንጓዴ ሲያስፈልግም ቢጫው ከኒሉ ጋር ይደባለቃል። የኋለኛው ዘመን ሠዓሊዎች ሰማያዊ ከአውሮፓ ነው፤ ፈረንሳዮች እንደ እነርሱ አቈጣጠር በ1820ዎቹ ዓመታት በእሳት ሠርተው ያወጡት ሰማያዊ ቀለም ረክሶ ወደ ምሥራቅ በወረደ ጊዜ፣ ልብስ ለማንጣት የሚሸጠው ያው ሰማያዊ ዱቄት በየደብሩ የመላእክትን ካባ አለበሰ። የጥንቱን ኒል ጭምት ሰማያዊ ያየ ዐይን ይህንኛውን ትንሽ ጯኺ ሊለው ይችላል፤ እኔም እላለሁ።

በጣና ዳር ዘጌ ላይ ያለችው የኡራ ኪዳነ ምሕረት የመቅደስ በሮች፣ በምሥራቅ ጐጃም በደብረ ወርቅና በዲማ አካባቢ ያሉ ክብ አብያተ ክርስቲያናትም የዚሁ ሥርዐት ልጆች ናቸው፤ ግድግዳው ላይ ያለው ሥዕል በአብዛኛው በጥጥ ጨርቅ ላይ ተሥሎ የሚለጠፍ ሲሆን፣ የበሩና የመስኮቱ መዝጊያ፣ መንበረ ታቦቱም ግን ቀለሙን በቀጥታ በዕንጨቱ ላይ ይቀበላሉ። እዚህ ላይ አንድ ነገር ማስተዋል ያሻል። ቀለሙ የዋንዛውን መልክ ጨርሶ ይሸፍነዋል፤ ይህን የሚያደርገው ግን ዕንጨቱን ሌላ ዕንጨት ለማስመሰል አይደለም። በር ነው፤ በሩን የሚጠብቅ መልአክ አለ፤ ቀለሙ ያንን ይናገራል። ማንም ካህን የመቅደሱን መዝጊያ ወይራ እንዲመስል ቀለም ቀብቶት አያውቅም።

ጸራቢውና ሠዓሊው ሁለት ሰዎች መሆናቸውም መዘንጋት የለበትም። ሠዓሊው አብዛኛውን ጊዜ በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ያደገ፣ ቀለም መበጥበጥንም ከብራና ጽሕፈት ጋር የተማረ ደብተራ ወይም መሪጌታ ነው፤ ጸራቢው ደግሞ ገበሬ ሆኖ በበጋ መጥረቢያ የሚያነሣ የመንደር ሰው ነው። በእጅ ሥራ የሚኖረው ሁሉ፣ በተለይ ቀጥቃጩና ሸክላ ሠሪው፣ በዚያ ዘመን የሚደርስበትን ንቀት እናውቃለን፤ ዐፄ ምኒልክም በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው የሚሰድብ ሰው እንዲቀጣ በአዋጅ እስከ መከልከል ደርሰዋል። ጸራቢው እንደ ቀጥቃጩ ባይገለልም፣ ስሙ በሥራው ላይ አይጻፍም፤ ደብተራው በቀለም የሚናገርበትን ሳንቃ ጠርቦ ያቀርባል፣ ወደ እርሻውም ይመለሳል። የቤት ዕንጨት ሳይቀባ የኖረበት አንዱ ምክንያት ይህ የሥራ ክፍፍል ይመስለኛል፤ ቀለም የሚያውቀው ሰው በርጩማ አይሠራም፣ በርጩማ የሚሠራውም ቀለም አያውቅም ነበርና።

ይህ ሥርዐት የተናጋው ከደቡብ፣ ከአዲስ አበባ በኩል ነው። ዐፄ ምኒልክ አዲሲቱን ከተማ ሲሠሩ የመጡት የሕንድና የአርመን ጠቢባን የተቀረጸ ሰገነት፣ የተላገ በር፣ ባለ መስተዋት መስኮት አስለመዱ፤ በ1909 ዓ.ም. ምድር ባቡሩ አዲስ አበባ በገባ ጊዜም በቆርቆሮ የታሸገ ቀለም፣ የብርጭቆ ወረቀት፣ ምስማርና ማጠፊያ ከጅቡቲ በፉርጎ ይወጣ ጀመር። ከጐጃም ወገን፣ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት በ1893 ዓ.ም. ካረፉ በኋላ አገሩን ለብዙ ዘመን የገዙት ልጃቸው ራስ ኃይሉ፣ በ1916 ዓ.ም. ከአልጋ ወራሹ ከተፈሪ መኰንን ጋር አውሮፓን ከጐበኙት መኳንንት አንዱ ነበሩ፤ የፓሪስንና የለንደንን አዳራሽ የተመለከተ መኰንን ደግሞ ወንበር ማለት ምንጣፍ የሚነጠፍበት ነገር ብቻ አለመሆኑን፣ ዕንጨቱ ራሱ እንደ መስተዋት ፊትን እስኪያሳይ ድረስ ሊወለወል እንደሚችል አይቷል።

ያ እንደ መስተዋት የሚያበራው ነገር ጎማላካ ይባላል። በሕንድና በሲያም አገር በዛፍ ቅርንጫፍ ላይ ተጣብቃ የምትኖር አንዲት ትንሽ ነፍሳት የምታመነጨው ሙጫ ነው፤ ሙጫው ከቅርንጫፉ ተፍቆ፣ ቀልጦና ተጠልሎ፣ ሥሥ ቅጠል መሳይ ቅርፊት ሆኖ ይሸጣል። ቅርፊቱ በአልኮል ሲሟሟ ከብርቱካን እስከ ቡናማ የሚደርስ ጥርት ያለ ፈሳሽ ይወጣዋል፤ ጥጥ በንጹሕ ነጠላ ጨርቅ ተጠቅልሎ በፈሳሹ ይነከርና በዕንጨቱ ላይ እያዞሩ ሲያሹት በሥሡ ይጋገራል። ፈረንሳዮች በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ይህን አሠራር አሳምረው ከያዙት ወዲህ የአውሮፓ ባለጸጋ ቤት ሁሉ በእርሱ ይወለወል ነበር፤ ከሕንድ ወጥቶ በአውሮፓ ዞሮ፣ ከዚያም እንደገና ወደ እኛ መጣ።

ወደ ደብረ ማርቆስ በስፋት የገባው በወረራው ዘመን ይመስለኛል። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በነበሩት ዓመታት ኢጣልያኖች ለጦራቸውና ለሹማምንታቸው ቤት በከፈቷቸው የዕንጨት ሥራ ቤቶች ብዙ ወጣቶች በቀን ሠራተኝነት እየገቡ ፒያላ መግፋትን፣ ኮላ ማፍላትን፣ ስቱኮ መሙላትን ተማሩ። መጋቢት 28 ቀን 1933 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ደብረ ማርቆስ ሲገቡ ጠላት ጓዙን ትቶ ሸሽቶ ነበር፤ የአናጢነቱ ቃልና መሣሪያ ግን በአገሩ ሰው እጅ ቀረ። የሚቀጥለው ዓመት በአዲስ አበባ ተግባረ እድ ትምህርት ቤት ተከፍቶ አናጢነት በሠሌዳና በንድፍ ይማሩት ጀመር፤ ከዚያ በኋላ ጸራቢ የሚለው የመጽሐፍ ስም ለቅዱስ ዮሴፍ ቀርቶ፣ በገበያ ቀኑ የሚጠራው አናጢ ሆነ።

አናጢው ለቍም ሣጥን፣ ለባለ መሳቢያ ጠረጴዛና ለሙሽራ አልጋ ቀለም የሚሰጥበት ሥርዐት ይህ ነው። ሳንቃው በፒያላ ይላጋል፤ ጕድጓዱ የመጋዝ ብናኝ ከኮላ ጋር ተለውሶ ይሞላል፤ ከዚያ በብርጭቆ ወረቀት የዕንጨቱን ጅማት ተከትሎ ይፈተጋል፣ ጅማቱን አቋርጦ የፈተገ ተለማማጅ በኋላ ቀለሙ በየጭረቱ ገብቶ ጥቁር መሥመር ሲሆንበት ያፍራል። ዕንጨቱ በእርጥብ ጨርቅ ይታበስና ጠጕሩ ሲቆም እንደገና ይፈተጋል፤ ቀጥሎ የዱቄት ቀለሙ በውኃ ወይም በአልኮል ተበጥብጦ አንድ ጊዜ ሳይቋረጥ ከጫፍ እስከ ጫፍ ይቀባል። ዐዋቂው ሰው ከዚያው ሳንቃ የተረፈ ቍራጭ ሳይቀባና አድርቆ ሳያይ ወደ ዕቃው አይገባም፤ አንዱ ቀለም በዝግባ ላይ ወርቃማ ሲሆን፣ በዋንዛ ላይ ጥቁር፣ በባሕር ዛፍ ላይ ዝንጕርጕር ይሆናልና። ጎማላካው የሚመጣው ከሁሉ በኋላ ነው፤ አሥር ጊዜም ሃያ ጊዜም እየታሸ፣ በየመካከሉ እየደረቀ።

ደጋው ግን ለጎማላካ አመቺ አገር አይደለም። በደብረ ማርቆስ በዓመት ወደ 1300 ሚሊ ሜትር የሚደርስ ዝናም ይዘንማል፤ ከሰኔ እስከ መስከረም አየሩ ርጥብ ስለ ሆነ፣ በዚያ ወራት የታሸ ጎማላካ ርጥበቱን ይዞ ወተት የፈሰሰበት መስሎ ይነጣል። ስለዚህ የሚያምር ሥራ የሚሠራው ከኅዳር ወዲህ ነው፤ ደግነቱም የሠርጉ ወር ጥር ስለ ሆነ፣ የሙሽራው አልጋና ሣጥን የሚታዘዝበት ወራትና ቀለሙ የሚደርቅበት ወራት ይገጣጠማሉ። ከአየሩም የከፋ ጠላት ያለው በቤቱ ውስጥ ነው። ጎማላካ ሙቀት አይችልም፤ የጋለ ጀበና ያረፈበት ጠረጴዛ ለዘለዓለም ነጭ ቀለበት ይዞ ይኖራል። በአልኮል የተሟሟ ነገር ደግሞ በአልኮል ይፈታል፤ አረቄዋ በሩቅ አገር ሳይቀር በስም የምትጠራ ከተማ ይህን ቅብ ለድግስ ጠረጴዛ መምረጧ፣ እውነቱን ለመናገር፣ አስቂኝ ነው። የቤት እመቤቶች መፍትሔውን ቶሎ አገኙት፤ ጠረጴዛውን በተጠለፈ ጨርቅ ሸፈኑት፤ እነሆ በስንት ድካም የተወለወለው ዕንጨት እንደ ጥንቱ የንጉሥ አልጋ ተመልሶ ከጨርቅ በታች ገባ።

የቀለሙ ምርጫ ራሱ ከዘመኑ ጋር ተለወጠ። በመጀመሪያ አናጢው የሚሠራው በዋንዛና በዝግባ ስለ ነበር ጎማላካው የዕንጨቱን መልክ ያወጣዋል እንጂ አይደብቀውም ነበር፤ የዋንዛው ልብ በቅቡ ሥር ይበልጥ ይቀላል፣ ጅማቱም ይነበባል። ነገር ግን ደኑ ወደ እርሻ ሲለወጥና ዋንዛ ከገበሬው ማሳ ዳርና ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጽር በቀር ሲጠፋ፣ ምኒልክ በ1880ዎቹ ዓመታት ያስመጡት ባሕር ዛፍ ኮረብታውን ያዘ። ባሕር ዛፍ ፈጣን ነው፤ ለቤት ማገርና ለማገዶ ባለውለታችን ነው፤ ሲደርቅ ግን ይጣመማል፣ ይሰነጠቃል፤ መልኩም ፈዛዛ ስለ ሆነ ሣጥን የሚያዘው ሰው አይወደውም። ደንበኛው የሚፈልገው አባቱ ቤት ያየውን የጠቈረ ዋንዛ ነው። እንግዲህ አናጢው ምን ያድርግ? ባሕር ዛፉን በቡናማ ዱቄት ቀለም አጠቈረው፤ ደንበኛው ይበልጥ ዘመናዊ ከሆነም፣ ማንኛቸውም አይተውት የማያውቁትን የማሆጋኒ ዛፍ ስም ሰጥቶ አቀላው። በኋላም ግራቪሊያና የፋብሪካ ተለጣፊ ሳንቃ፣ በመርጫ የሚነፋ ላኬርም ሲመጡ አሳቡ ያው ሆኖ ቀጠለ።

በዚህ ላይ የራሴ ፍርድ አለኝ። አናጢውን አልወቅሰውም፤ በእጁ የገባውን ዕንጨት ይዞ እንጀራውን የሚያበስል ሰው ነው፤ ጠቈር ያለ ዕቃ መውደድም ነውር አይደለም። ነገር ግን የቤቱ ዕንጨት ቀለም ባገኘበት በዚያው ዘመን ራሱን መደበቅ መጀመሩ ያሳዝነኛል። የአያቱ በርጩማ ሃምሳ ዓመት በጢስ ተቀምጦ ያገኘውን መልክ የልጅ ልጁ በአንድ ከሰዓት በኋላ ይቀባዋል፤ የመጀመሪያው ሲፋቅ ከሥሩ ያው ነው፣ የሁለተኛው ሲፋቅ ግን በሣጥኑ ጠርዝ ነጭ ሥጋ ይወጣል። ፈዛዛ መልኩን ሳይሸሽግ በዘይትና በሰም ብቻ የታሸ የባሕር ዛፍ ወንበር በደብረ ማርቆስ ገበያ ገዥ ቢያገኝ ደስ ይለኝ ነበር፤ የኑጉ ዘይትም ሰሙም ከዚያው ገበያ ይገኛሉ።

ከቤቱ ዕቃ ይልቅ የሚያሳስበው ግን የመቅደሱ በር ነው። ባለፉት ዘመናት በብዙ አጥቢያ የምእመናን ስእለት ሲሰምር በቆርቆሮ የታሸገ የዘይት ቀለም ይዘው መምጣት ልማድ ሆኗል፤ ፍቅራቸው የሚመሰገን ሆኖ ሳለ፣ ያ የሚያብረቀርቅ ቀለም በጥንቱ የሙጫ ቀለም ላይ በቀጥታ ይቀባል። የሙጫ ቀለም ውኃ ሲነካው እንኳ የሚፈታ ለስላሳ ነገር ነው፤ የዘይቱ ቀለም በላዩ ከደረቀ በኋላ የላይኛውን ለማንሣት የሚሞክር ባለሙያ የታችኛውንም አብሮ ይልጠዋል፤ ዋንዛውም በክረምት ርጥበት ሲያብጥና በበጋ ሲኰማተር፣ ወፍራሙ ቅብ አብሮት መዘርጋትና መሰብሰብ ስለማይችል የፍሬ ጽዮን ልጆች የቀቡትን ነጭ መሠረት ጭምር ይዞ ቅርፊት በቅርፊት ይረግፋል። አለቆችና ገበዞች ይህን ቢያውቁ፣ የስእለቱን ቀለም ሳይመልሱ ለደጀ ሰላሙ መዝጊያና ለቅጽሩ የብረት በር እንዲውል ማድረግ ይችላሉ፤ ብረቱ ዝገትን ለመከላከል የዘይት ቀለም ይፈልጋልና፣ ስጦታውም የሚገባውን ቦታ ያገኛል።